ሴንሰሩ የተፈተነው በማን ጣት ላይ ነው?

በኮቪድ ወቅት ብዙ ቤት የገባችው ጣት ላይ የምትሰካ የኦክስጅን መለኪያ ቁጥር ካሳየች ክርክር የለም። 94 ካለች ታማሚው ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል። ለእኔ ግን ከቁጥሩ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይህ ሴንሰር የተፈተነው በእነማን ላይ ነው?

መሣሪያዋ ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፋለች። ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ደም ብርሃኖቹን የሚያስቀረው በተለያየ መጠን ነው። ያንን ልዩነት ወደ መቶኛ የሚቀይረው ግን በፋብሪካ የተሞላ ቀመር ነው። ቀመሩ የሚወጣው ጤነኛ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር እንዲተነፍሱ ተደርጎ፣ ሳቹሬሽናቸው (ኦክስጅን የያዘው የደማቸው ድርሻ) እስከ 70 በመቶ ሲወርድ ከደም ቅዳ ቧንቧቸው ከሚወሰድ ደም ጋር እየተነጻጸረ ነው። የፈቃደኞቹ ማንነት እዚያው ቀመሩ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ 10 ፈቃደኞች ይበቁ ነበር፤ ከእነሱም ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ቢያንስ 2 ወይም 15 በመቶ። በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ውጤቱን አሳየ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየባቸው ልኬቶች ውስጥ፣ እውነተኛው የደም ኦክስጅን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጭ ታካሚዎች 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች 11.7 በመቶ ነበር። የሚያስቆጨው፣ ችግሩ በ1990ም በሕክምና መጽሔት ላይ ተጽፎ ነበር። ኤፍዲኤ 150 ሰዎችና ሁሉንም የቆዳ ቀለም የሚያካትት ፍተሻ የሚጠይቅ ረቂቅ ያወጣው በ2025 ነው።

እኛ ዘንድ ሌላም አለ። ከሆስፒታሉ ሞኒተር ጋር የመጣው ፕሮብ (ጣት ላይ የሚሰካው ሴንሰር) ሲበላሽ ሶኬቱ የሚገጥም ርካሽ ፕሮብ ከገበያ ይገዛል። ቁጥር ያሳያል፤ ስለዚህ ሠራ ይባላል። ነገር ግን ቀመሩ የተሠራው ለመጀመሪያው ፕሮብ የብርሃን ሞገድ ነው፤ ሞገዱ ትንሽ ከተለወጠ ንባቡም አብሮ ይዛባል። በሲሙሌተር፣ ማለትም የሰው ጣትን በሚያስመስል መፈተሻ መሣሪያ፣ መፈተሽም ይህንን አይፈታም። ሲሙሌተር መሣሪያው መሥራቱን እንጂ በሰው ጣት ላይ ትክክል መለካቱን አያረጋግጥም።

አብዛኛው ታካሚያችን ጠይም ወይም ጥቁር በሆነበት አገር፣ የጨረታ ሰነዶቻችን ስለ ዋስትናና መለዋወጫ የሚጠይቁትን ያህል «የፍተሻ ውጤታችሁን በቆዳ ቀለም ከፋፍላችሁ አቅርቡ» ሊሉ ይገባል። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም መሣሪያውን ሲመዘግብ ይህንኑ መጠየቅ አለበት። ሆስፒታሎች ደግሞ መመሪያ ሳይጠብቁ ዛሬ መጀመር የሚችሉት ነገር አለ። ኦክስጅኑን በቀጥታ ከደም የሚለካው የደም ጋዝ ምርመራ በሚሠራበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሁሉ፣ ደሙ በተቀዳበት ደቂቃ ሞኒተሩ ያሳየው ቁጥርና የፕሮቡ ዓይነት ከላቦራቶሪው ውጤት ጎን ይጻፍ። የትኛው ፕሮብ በእኛ ታካሚዎች ላይ እንደሚሳሳት ባዮሜዲካል መሐንዲሶቻችን ከዚያ መዝገብ ያወጡታል።