ማዕበል ያመጣውን አሸዋ ተዉት

ሰመር ሲመጣ የዲሲ አካባቢ ሐበሻ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ወደ ኦሽን ሲቲ፣ ይወርዳል። ልጆች፣ ጃንጥላና ምግብ ጭነን፣ የቤይ ድልድይን ተሻግረን፣ ሦስት ሰዓት ያህል እንነዳለን። ከኦሽን ሲቲ በስተደቡብ፣ ከጠባብ ሰርጥ ማዶ፣ አሳቲግ የምትባል ደሴት አለች። ብዙዎቻችን የምናውቃት በዱር ፈረሶቿ ነው።

ከአንድ ወዳጄ ጋር እዚያ የሄድነው ማዕበል በመታት ሰሞን ነበር። አሸዋው ከባሕሩ ወገን ተነሥቶ፣ በአሸዋ ኮረብታዎቹ መሃል ሰንጥቆ አልፎ፣ ሣሩን ሸፍኖ መኪና ማቆሚያው ድረስ ደርሷል። "ይሄን ያህል ሀብታም አገር እንዴት ዝም ብሎ ያያል?" አለኝ። "በቡልዶዘር ገፍቶ ወደ ቦታው መመለስ ነው እንጂ!" ይህን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ከቅን ልብ የመጣ ነው። ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። አሸዋው ያለው ቦታው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዕበል ሲመጣ ውሃው ከወትሮው ከፍ ይላል። የአሸዋ ኮረብታዎቹ ዝቅ ባሉበት በኩል ይሻገራል። ሲሻገር ከዳርቻው ያፈሰውን አሸዋ ተሸክሟል። ከኋላ ሜዳ ሲያገኝ ይበተናል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ ሸክሙን ያወርዳል። ሻካራው አሸዋና ቅርፊቱ ቀድሞ ይቀመጣል፤ ደቃቁ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ አንዳንዴም እስከ ረግረጉ። ከላይ ሲያዩት የተዘረጋ መዳፍ ይመስላል። ስስ ከሆነ ሣሩ መልሶ ሰንጥቆት ይወጣል። ደሴቷም በዚያች ቦታ በጥቂት ጣት ከፍ አለች ማለት ነው።

ይህ ውሃ ተሸክሞ ያወረደው አሸዋ ደለል ነው። ደለል የሚለውን ቃል ግን እኛ የምናውቀው ከወንዝ ጋር ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ሲተኙ የሚተዉት አፈር ሁልጊዜ በረከት አይሆንም። ገበሬው ግን ሜዳው ከምን እንደተሠራ ያውቃል። የአሳቲግን ሜዳ ደግሞ ያነጠፈው ማዕበል ነው።

እንዲህ ያለ ደሴት አንድ ቦታ አይቆምም። ከባሕሩ ወገን እየተበላ፣ ከጀርባው እየተገነባ፣ ወደ ዋናው ምድር ይጠጋል። ማስረጃው በዐይን ይታያል። ከማዕበል በኋላ በባሕሩ በኩል አሸዋው ሲጠረግ፣ ከታች ጥቁር የረግረግ ጭቃ ከነሣር ሥሩ ብቅ ይላል። ረግረግ የሚበቅለው ጸጥ ባለው ሰላጤ ዳር፣ ከደሴቷ ኋላ ነው። የዛሬው የባሕር ዳርቻ ያኔ የደሴቷ ጀርባ ነበር። ደሴቷ በላዩ ተራምዳ አልፋለች።

ሰው ይህን ለማስቆም ሲሞክር የሆነውን እዚያው ማየት ይቻላል። ኦሽን ሲቲና አሳቲግ ድሮ አንድ መሬት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1933 የመጣ ሀሪኬን ቆረጣቸው። ሰርጡ ለጀልባ ጥሩ መግቢያ ስለሆነ፣ እንዳይደፈን በግራና በቀኝ የድንጋይ ግንብ ተሠራለት። ግንቡ ወደ ደቡብ የሚጓዘውን አሸዋ ያዘው። በኦሽን ሲቲ በኩል ዳርቻው ሰፋ፤ የአሳቲግ ሰሜን ጫፍ ግን አሸዋ ተራበ። በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ወደ ምዕራብ ሸሸ። ከ2004 ጀምሮ በመርከብ አሸዋ እየተጫነ ይመለስለታል። ይህን እደግፋለሁ፤ ሰው የወሰደውን መመለስ ነውና።

በ1998 ኃይለኛ ማዕበሎች ከመቱት በኋላ ደግሞ፣ በዚያው ጫፍ ረዥም የአሸዋ ግድብ ተሠራ። ግድቡ ከታሰበው በላይ ያዘ። ማዕበሉ መሻገር አቃተው። ከኋላ ያለው ሜዳ አዲስ አሸዋ አጥቶ በሣር ተሸፈነ። ባዶ አሸዋ ላይ እንቁላል የምትጥለው ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል ትንሽ ወፍ ቦታ ጠበባት። ከ10 ዓመት ያህል በኋላ ግድቡን እዚህም እዚያም ሸንቁረው ለማዕበሉ በር ከፈቱለት።

ሰው የሚኖርበት ከተማ ሌላ ነው። ኦሽን ሲቲ ውስጥ መንገድ ላይ የፈሰሰ አሸዋ መነሣት አለበት። ዳርቻውም በ4 ዓመት አንዴ ገደማ አዲስ አሸዋ ይደፋለታል። ወጪው ከባድ ነው፣ ግን ያን ሁሉ ቤትና ሆቴል አፍርሱ ማለት አይቻልም። እኔ የምለው ገና ሕንፃ ስላልቆመባቸው ደሴቶች ነው። እዚያ አዲስ ቤት አይፈቀድ። አሸዋውም አይገፋ። በዚህ አካባቢ ባሕሩ ከዓለም አማካይ ፈጥኖ ከፍ እያለ ነው፤ መሬቱ ራሱ ቀስ እያለ ይሰምጣልና። ደሴቷን ከባሕሩ ጋር እኩል ከፍ የሚያደርግላት ይኸው አሸዋ ነው።

አሳቲግም ከተማ ከመሆን ያመለጠችው ለጥቂት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የቤት ቦታዎች ተሸጠውባት ነበር። ባልቲሞር ቡሌቫርድ የተባለ አስፋልትም ተነጥፎባት ነበር። በመጋቢት 1962 ለሦስት ቀን የቆየ ማዕበል መንገዱን ሰባብሮ አሸዋ ውስጥ ቀበረው። በ1965 ኮንግረሱ ደሴቷን ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ አደረጋት። በአሸዋ ኮረብታዎቹ መሃል የሚያልፍ አጭር የእግር መንገድ አለ፤ የዚያ አስፋልት ቁርጥራጭ ዛሬም እዚያ ይታያል። ልጆቻችሁን ውሰዱና አሳዩአቸው። በስፕሪንግ ከሄዳችሁ ደግሞ የታጠረውን አሸዋ አትርገጡ። የፕሎቨሯ እንቁላል ከአሸዋው አይለይም።