የዩ ስትሪት ሰሌዳዎችና የፒያሳ ቤቶች

ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ ሐበሻ ዩ ስትሪትን ያውቃል። የሚያውቀው ግን በክትፎ ቤቶቹ፣ በቅዳሜ ማታ ሙዚቃውና በመኪና ማቆሚያ እጦቱ ነው። መንገዱ እኛ ሳንደርስበት ረጅም ታሪክ ያሳለፈ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ጥቁሮች ከነጮች ጋር አንድ አዳራሽ እንዳይቀመጡ በሚከለከሉበት ዘመን፣ ይህ ሰፈር የራሳቸው መድረክ ነበር። ሃዋርድ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1910፣ ሊንከን ቴአትር በ1922 ተከፈቱ። ታዋቂው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው። የልብስ ሰፊው፣ የሐኪሙ፣ የጠበቃው ቤት ሁሉ የጥቁሮች ነበር፤ ሰፈሩንም በኒው ዮርኩ የቴአትር ጎዳና ስም «ጥቁር ብሮድዌይ» ብለውታል። በ1950ዎቹ የሌሎቹ አዳራሾች በር ሲከፈት ተመልካቹ ተበተነ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሣው ሁከት ሱቆች ነደዱ። ከዚያ ደግሞ ለምድር ባቡሩ ሲባል መንገዱ ለዓመታት ተቆፈረ፤ የዩ ስትሪት ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1991 ነው።

ሊንከን በ1982 ተዘጋ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፦ አላፈረሱትም። ደንበኛ የሌለው፣ ገቢ የማያስገባ አዳራሽ በሩ ታሽጎ ዓመታት ቆመና በ1994 ታድሶ ተከፈተ። ሃዋርድም ከረጅም መዘጋት በኋላ በ2012 ተመለሰ። ከሊንከን ጎን ያለው ቤንስ ቺሊ ቦውል የተባለው ምግብ ቤት በ1958 ሥራ የጀመረው ድምፅ አልባ ፊልም ይታይበት በነበረ አሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው፤ ሁከቱንም ቁፋሮውንም ተቋቁሞ ዛሬም ይሸጣል።

የእኛ ሰዎች ወደዚህ ሰፈር የገቡት ኪራይ በረከሰበት ጊዜ ነው። ባዶ ሱቆችን ከፈቱ፣ መብራት አበሩ፤ ውለታቸው ቀላል አይደለም። በ2005 ግን አንዳንዶቻችን 9ኛውን ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» እናሰኘው ስንል የጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃወሙ። ብዙ ሐበሻ ቅር ተሰኘ። እኔ ግን እውነታቸውን ነበር እላለሁ። አያቶቻቸው በሌላ ቦታ ተከልክለው ያቀኑትን ሰፈር ስም ለመጠበቅ መቆማቸው ምቀኝነት አይደለም።

ታዲያ አሜሪካ ሁሉን ጠብቃለች ማለቴ አይደለም። አዳራሹ ተረፈ እንጂ ሰዉ አልተረፈም። ኪራዩ ሲንር የቆዩት ቤተሰቦች ለቀቁ፤ ከእኛም ነጋዴዎች ብዙዎቹ ከከተማው ውጭ ወዳሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ወጡ። ይሁን እንጂ በየመንገዱ ጥግ ፎቶግራፍና ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ቆሟል። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ቆም ብሎ እዚህ ማን እንደዘፈነ፣ ማን ሱቅ እንደነበረው ያነባል።

አሁን ወደ ፒያሳ ልምጣ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ የሕዝቡን ወኔ ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፅ የወጣው ከዚያ መድረክ ነው። ቁልቁል ሲወረድ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው ብሔራዊ ቴአትር ከደጃፉ የድንጋይ አንበሳ ጋር አለ። በእነዚህ መካከል ያለው ሕይወት ግን ስንት ነበር! ቡና ቤቱ፣ ፎቶ ቤቱ፣ ወርቅ ቤቱ፣ ከቴአትር በኋላ ተዋናዩና ተመልካቹ አብረው የሚያመሹበት መሸታ ቤት። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ከዚህ ሁሉ ብዙው አብሮ ሄደ።

ጣሪያው በሚያፈስ ቤት፣ ለብዙ አባወራ በአንድ መጸዳጃ የኖረ ሰው የተሻለ ቤት ይገባዋል፤ ይህን በውጭ አገር ሙቅ ውኃ እየታጠብኩ የምከራከርበት ጉዳይ አይደለም። የምለው ሌላ ነው። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ አማረ፤ በዚያ የሚያልፍ የ15 ዓመት ልጅ ግን እዚህ ምን እንደነበረ የሚነግረው ነገር ማየት አለበት። አንድ ሰሌዳ ከአንድ የመንገድ መብራት ብዙ አይበልጥም ወጪው። የሰፈሩ ሰዎች በየኮንዶሚኒየሙ ቢበተኑም በሕይወት አሉ፤ ማን የት ይኖር እንደነበር ቤት በቤት ይናገራሉ። ፎቶግራፉም አለ፤ ገሚሱ እዚህ ዋሽንግተንና ሜሪላንድ በየሳሎናችን አልበም ውስጥ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ይጠይቀን፤ ካልጠየቀንም እኛው ገልብጠን እንላክ፣ ከጀርባው የተጻፈውን ስምና ዓመተ ምሕረት ሳንዘነጋ።