እርማት፦ የለጋሾችን ስም ማሳወቅ አልቀረም

ከደብረ ብርሃን የጻፉት ወንድማችን «የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለምርጫ ገንዘብ ማውጣት የመናገር ነፃነት ነው ካለ ወዲህ የለጋሾችን ስም የማሳወቅ ግዴታ ቀርቷል» ማለታቸው፣ በብዙዎች ዘንድ የሚነገር ቢሆንም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 «ሲቲዝንስ ዩናይትድ» በተባለው መዝገብ የተሻረው፣ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከእጩዎች ጋር ሳይመካከሩ ለቅስቀሳ ገንዘብ እንዳያወጡ የሚከለክለው ድንጋጌ ሲሆን፣ የማሳወቁን ግዴታ ግን ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ አጽንተውታል። ዛሬም ለፌዴራል እጩ ከ200 ዶላር በላይ የለገሰ ሰው ስሙ፣ ሥራውና አሠሪው ሳይቀር ተመዝግቦ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ማንነታቸው የማይታወቅ ለጋሾች መኖራቸው እውነት ነው፤ ይህ የሆነው ግን አንዳንድ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች የለጋሾቻቸውን ዝርዝር እንዲሰጡ ሕጉ ስለማያስገድዳቸው ነው።

ወንድማችን ማንነታቸው ስለማይታወቅ ለጋሾች ያደረባቸው ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። በእኛም አገር ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ «የክርስትና ስሜን ብቻ ጥራልኝ» የሚል ሰጪ አይጠፋም፤ ሥልጣን ለሚፈልግ ፓርቲ የሚሰጥ ገንዘብ ግን ከዚህ ይለያል ባይ ነኝ። ይሁንና ስም ማሳወቅ ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥበት ጊዜም አለ፤ ያው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1958 የአላባማ ግዛት የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበርን የአባላት ዝርዝር አስገድዶ እንዳይወስድ ያገደው፣ ስማቸው የታወቀ አባላት ከሥራ ይባረሩና ይዛትባቸው ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የማሳወቅ ግዴታን ሲያጸናም፣ ተመሳሳይ አደጋ እንደሚደርስባቸው ለሚያስረዱ ቡድኖች የተለየ ጥበቃ የሚሰጥበትን በር ክፍት ትቶላቸዋል።