ወንበር የማያቃጥላቸው ሰዎች

ስኑከር የሚባለውን በዱላ የሚመታ የጠረጴዛ ኳስ ጨዋታ ከሰፈራችን የፑል ቤት ጨዋታ ጋር አንድ የሚያደርግ ሰው ካለ፣ ኳሶቹን ትቶ ወንበሩን ይመልከት። ከፈረንጆቹ 1977 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮና በሚካሄድበት በእንግሊዝ፣ በሼፊልዱ ክሩሲብል ቴአትር፣ ተራው ያልደረሰ ተጫዋች ሰደርያውን ቆልፎ የሚቀመጥበት ወንበር አለ። ባላጋራው ኳስ እስኪስት ወይም ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቁጭ ብሎ ውኃውን ይጎነጫል እንጂ «አንድ አስተያየት ነበረኝ» ማለት አይችልም።

እኛ ይህን ወንበር አንችለውም። በዕድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ገና «እንደሚታወቀው» ሲል ሦስት እጅ ይነሳል። ባለፈው ጊዜ ስለተቀደደው ድንኳን ለመምከር ተሰብስበን፣ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ሲያነቡ አንድ አባት «ላቋርጥዎትና» ብለው ጀመሩ፤ እሳቸውን ደግሞ ሌላ አባት «ጋሼን ላቋርጥና» ብለው አቋረጧቸው። ድንኳኑ እንደተቀደደ ክረምት ገባ።

በፈረንጆቹ 1997 ሮኒ ኦሱሊቫን በዚሁ መድረክ ላይ የጨዋታው ከፍተኛ የሚባለውን 147 ነጥብ በአንድ ተራ፣ በ5 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሲያስቆጥር፣ ባላጋራው ሚክ ፕራይስ ከወንበሩ ሆኖ ከመመልከት በስተቀር ሥራ አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ ቻይና ውስጥ ዣኦ ሺንቶንግ የሚባል ሕፃን ተወልዶ ነበር፤ በእኛ ቆጠራ ገና አርባ ቀኑ ያልሞላ፣ ክርስትና ያልደረሰ። ሕፃኑ አድጎ፣ ከጨዋታ ማጭበርበር ጋር በተያያዘ የ20 ወር እገዳውን ጨርሶ፣ በአማተርነት በማጣሪያ በኩል ገብቶ፣ በ2025 በግማሽ ፍጻሜው ኦሱሊቫንን በተራው እዚያው ወንበር ላይ አስቀመጠው። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ስምንቱንም ፍሬም (ዙር) ወሰደበት፤ ጨዋታውም 17 ለ 7 አለቀ። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ያለ አንዳች ቃል ሲቀመጥ ማየት፣ የቀድሞ የዕድር ሊቀ መንበር ከኋላ ረድፍ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ እንደ ማየት ነው። የኋለኛውን እስካሁን አላየሁም።

በፍጻሜው ዣኦ የ50 ዓመቱን ማርክ ዊሊያምስን 18 ለ 12 አሸንፎ፣ ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ 500,000 ፓውንድም ተረከበ። ተሸናፊው 200,000 ፓውንድ አገኘ። ሰው እየተቀመጠ እንዲህ ያለ ገንዘብ ሲያገኝ፣ የእኛ መሥሪያ ቤቶች የስብሰባ አበል ምን ያህል ቁጠባ የተሞላበት እንደሆነ ይገባናል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን እጅ ማንሳታቸው ነው። ኳስ ባላሰቡት ቀዳዳ በዕድል ስትገባላቸው፣ ነጥቡን አይተዉትም፤ ነገር ግን እጃቸውን ከፍ አድርገው ባላጋራቸውን ይቅርታ ይጠይቃሉ። ዳኛው ያላየውን የራሳቸውን ጥፋትም እነሱው ይናገራሉ። በእኛ ፑል ቤት በዕድል የገባች ኳስ የለችም፤ ሁሉም «አስቤው ነው» የሚባልባት፣ የአባት ስም የወጣላት ኳስ ናት።

ሥልጣኔውን እኔ ልጀምረው ብዬ ባለፈው እሑድ ሞከርኩ። ቀዩን ለማስገባት መትቼ፣ ሦስት ኳስ ተላትሞ፣ ያላሰብኩት ሰማያዊ ከጥግ ሲገባ፣ ቀኝ እጄን እንደ ሼፊልዶቹ በጨዋ ደንብ ከፍ አደረግሁ። ባላጋራዬ ጠረጴዛውን ዞሮ እየተከራከረ ስለነበር አላየኝም። ያየኝ አስተናጋጁ ነው፤ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ጮክ ብሎ፣ «አየሁ ጋሼ! ማኪያቶው ስንት ይሁን?» አለኝ።