ሲሮጡ የታጠቁት ስትሬት

ክርክሩ የተነሣው ሊሞ የሚነዳው ወዳጃችን ቅዳሜ ሌሊት ሜሪላንድ ባለው ናሽናል ሃርበር ካዚኖ ውስጥ በተጫወተው አንድ የኦማሃ እጅ (ዙር) ነው፤ ኦማሃ የፖከር ካርታ ጨዋታ ዓይነት ነው። እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ ተሰብስበን ሲያወራልን፣ ወሬው ሳያልቅ ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። እኔ የየትኛው ወገን እንደሆንኩ አልደብቅም፤ ያ ካርታ መጣል ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃክ፣ አስር፣ አራት እና ሁለት ይዞ 30 ዶላር ከፍሎ ገባ። ሦስት ሰው ስለገባ መሃል ላይ 90 ዶላር ተሰበሰበ። ፍሎፑ፣ ማለትም የሁሉም የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጠረጴዛ ካርታዎች፣ ሲገለጥ ዘጠኝ ስፔድ፣ ስምንት ስፔድ እና ሰባት ዳይመንድ ወጣ። ከሰባት እስከ ጃክ ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) ሆነለት፤ በዚያች ሰዓት ከእሱ የሚበልጥ እጅ የለም። 90 ዶላር አስያዘ። አንደኛው ካርታውን ጥሎ ከዙሩ ወጣ። ሁለተኛው ግን ሲጥሉ ሲጥሉ ያመሹ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበሩ፤ ፊታቸው ያለውን 360 ዶላር በሙሉ ገፉት። ኦል ኢን። ወዳጃችን ወይ 270 ጨምሮ ይከተላል፣ ወይ ይጥላል። «አንድ ሰከንድ አላሰብኩም» አለን፤ ይህንንም የነገረን እንደ ጀግንነት ነው።

«ትልቁን ይዤ ልጣል እንዴ?» ይላል ደጋግሞ። ሌላ ክርክር የለውም። ቤት የሚያሻሽጠው ወጣት ደግሞ ከጎኑ ሆኖ «የሚፈራ ሰው መጀመሪያውኑ ምን ሊሠራ ይቀመጣል?» እያለ ያሟሙቃል።

ከሁላችን ታላቅ የሆኑት፣ አገር ቤት መምህር የነበሩት ጋሼ፣ ካርታ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣

«የቀሩት ሁለቱ ምን ነበሩ አልከኝ?» አሉ።

«አራትና ሁለት ነዋ ጋሼ። እነሱማ ምንም አይሠሩም።»

«ታዲያ ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ሁላችንም ሳቅን፤ ግን ከዚያ በኋላ ከተባለው ሁሉ የጨዋታውን ልብ ያገኘው ይህ ነው። ሁለት ካርታ ብቻ የሚያዝበትን ቴክሳስ ሆልደም ለለመደ ሰው እንዲህ ያለ ስትሬት ስለት የሚሳሉለት እጅ ነው። ኦማሃ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሰው አራት ካርታ ይይዛል፤ ከእጁ በትክክል ሁለት፣ ከጠረጴዛው ሦስት መጠቀም ግዴታው ነው። አራት ካርታ ውስጥ ስድስት ዓይነት ጥንድ ስላለ፣ ከአንድ ሰው ጋር ስትጋጠም ከስድስት የሆልደም እጅ ጋር እንደመጋጠም ነው። ስለዚህ ፍሎፕ ላይ ትልቅ የነበረው ሪቨር (የመጨረሻው የጠረጴዛ ካርታ) ላይ ትልቅ ሆኖ ላይደርስ ይችላል። ስፔድ ከወረደ ፍላሽ (አምስቱም አንድ ምልክት) አለ፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ቁጥር ከተደገመ ፉል ሃውስ (ሦስት አንድ ቁጥርና አንድ ጥንድ) አለ፤ ሁለቱም ስትሬትን ይበልጣሉ። ከጃክና አስሩ ጎን ንግሥት ብትኖረው እንኳ፣ ጃክ ወይም አስር ሲወርድ ስትሬቱ ያድግ ነበር። አራትና ሁለት ይዞ ግን ማደጊያ የለውም፤ የቀረለት ባለበት መቆየት ወይም መፍረስ ነው። በኦማሃ አራቱ ካርታዎች እርስ በርስ ካልተጋገዙ መጀመሪያውኑ አይገባም፤ ይህን እዚያ ጠረጴዛ ላይ የከረመ ሁሉ ያውቀዋል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ እኅታችን ሶፍት ላይ ቁጥር መጻፍ ጀመረች። «ስማኝ» አለችው። «ፖት ሊሚት ስለሆነ፣ ማለትም ጣሪያው መሃል ባለው ገንዘብ ስለሚወሰን፣ ሰውየው የገፉት የተፈቀደውን ጣሪያ ነው። አንተ 270 ጨምረህ ለ810 ነው የምትጋጠመው። ሲሶ ድርሻ ከሌለህ መከተል ኪሳራ ነው። ከጠረጴዛው ጋር ሦስት ዘጠኝ ብቻ ይዘው ከሆነ 62 በመቶ ያንተ ነው። ሦስት ዘጠኝና ሁለት ስፔድ ከሆነ 37። ያንተኑ ጃክና አስር ከሁለት ስፔድ ጋር ይዘው ከሆነ ግን ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ትካፈላላችሁ፣ ወይ ሁሉን ይወስዱታል። ያኔ ድርሻህ 30 በመቶ ነው።»

«አየሽ!» አለ ወጣቱ። «62ም፣ 37ም ከሲሶ ይበልጣል!»

ሦስተኛውን ቁጥር ግን እንዳልሰማ አለፈው። ከዚያ ወገን የተሰማው ብልሃት ይኸው ነበር። ቁጥሩማ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ከሦስቱ የትኛው ነው የሚለው ነው። ሌሊቱን በትዕግሥት ሲጥሉ ያመሹ ሰው፣ ስትሬት በግልጽ በተዘረጋበት ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላው ቀድሞ አስይዞ እያለ፣ ያላቸውን ሁሉ ሲገፉ ምን ይዘው ነው? ስትሬቱን ይዘዋል፤ ከጀርባውም ሌላ ነገር ይዘዋል። በኦማሃ ክፉው ተጋጣሚ ያንተኑ እጅ ይዞ ተጨማሪ ተስፋ ያለው ነው፤ እሱ ሲጫወት የሚያጣው የለም፣ አንተ ስትጫወት የምታገኘው የለም።

ሰውየውም ይዘው የተገኙት ይህንኑ ነው፦ ጃክ፣ አስር፣ አስ ስፔድ፣ አምስት ስፔድ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ካርታዎች ስፔድ ሳይሆኑ ቀሩና ገንዘቡ እኩል ተካፈለ። ወዳጃችን 405 ዶላር ወሰደ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስገባው 390 ነው። ቤቱ የሚቆርጠውን ሳንቆጥር ትርፉ 15 ዶላር!

«አልተሸነፍኩም እኮ!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ያናደደኝ ይህች ቃል ናት። በዚያ ሰዓት ካልታዩት 41 ካርታዎች ውስጥ 9ኙ ስፔድ ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ ይገለጣል። ከመቶ ወደ 40 ጊዜ ባዶ እጁን ይነሣ ነበር፤ በቀረው ጊዜም ቢበዛ ግማሽ። ያንን ውሳኔ ደጋግሞ ቢወስን በየአንዳንዱ በአማካይ 25 ዶላር ገደማ ይከስራል። አንድ ቀን ስላልደረሰበት ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ጋሼም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አልተፈታም ማለት ጠብቋል ማለት አይደለም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉት። መልስ አልነበረውም፤ ስልኩን ከፍቶ የኳስ ውርርዱን ማየት ጀመረ።

ነገሩ ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን እዚህ አገር የገባነው በዲቪ ሎተሪ ነው፤ ዕጣ አወጣችንና ዕጣ የምታወጣን ትመስለን ጀመር። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በሕዝበ ውሳኔ የጠረጴዛ ቁማር ፈቀደች፤ በ2016 መጨረሻ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያ ካዚኖ ተከፈተ፤ በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስፖርት ውርርድ እገዳውን ካነሣ በኋላ ውሎ አድሮ ካዚኖው ኪሳችን ውስጥ ገባ። አሥራ ሁለት ሰዓት ነድቶ ያገኘውን በሁለት ሰዓት የሚያስረክብ አባት አውቃለሁ። አዲስ አበባ የቀሩት ታናናሾቻችንም በላክንላቸው ብር ይወራረዳሉ።

ከቁማር ውጭስ? ከ2008 በፊት ወለዱ በሚቀያየር ብድር ቤት የገዛው ወገናችን «ትልቁን ይዣለሁ» ነበር የሚለው። ወለዱ ሲወጣ ከጀርባው ምን አለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ስንቱ ቤቱን ለባንክ አስረከበ! ዛሬም ያው ነው፤ ወጣቱ ደላላ አንዲት የሁለት ልጆች እናት ነርስ ያጠራቀመችውን ሁሉ ለቅድሚያ ክፍያ እንድታፈስ ሲገፋፋት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለወር መጠባበቂያ እንኳ ሳይቀርላት! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል ተረት እየመሰለን ስንስቅ እንውላለን።

እቁባችንም ተበላሽቷል። ድሮ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘብ አይነካም ነበር፤ ዋስ ማለት «ነገ ምን ይዘህ ትከፍላለህ?» የሚል ጥያቄ ነበር። አሁን ዋስ የሚጠይቅ ዳኛ እንደ ተጠራጣሪ ይታያል፣ ይሰደባልም። እኔ ለሚቀጥለው ዙር ዋስ ሳያቀርብ ገንዘብ የሚወስድ ካለ ስሜ ይውጣ ብዬ ለዳኛችን ነግሬአለሁ፤ ሊሞ ነጂው ወዳጄም ቢሆን።