አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ የውይይት መድረክ ነበር። ርዕሱ ፌዴራሊዝም ነው። አንድ ተናጋሪ የሌሎች አገሮችን ልምድ ሊያካፍሉን ተነሡ፤ ስለ አሜሪካም አወሩ። በአሜሪካ ሥር ሆነው ከ50ዎቹ ግዛቶች የማይቆጠሩት ፖርቶ ሪኮ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጉዋም፣ የአሜሪካ ሳሞዋ፣ ሁሉም 51ኛ ግዛት እንሁን ይላሉ አሉ። ቀጥለውም፣ «ግን ብቁ አይደሉም። ፖርቶ ሪኮ ቋንቋዋ ሌላ ነው፤ ዕዳም አለባት። ዲሲ ከተማ ናት። የቀሩት ትንንሽ ናቸው። እኛም ጋ ክልል እንሁን የሚል ሲመጣ መለኪያው ይኸው መሆን አለበት» ብለው ዘጉት። አዳራሹ አጨበጨበ።

እኔ አላጨበጨብኩም። እጄን አወጣሁ፤ ሰዓት አልቋል ተባልኩ። እዚያ ያልተናገርኩትን እዚህ ልበለው።

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ ያምታታናል። በአማርኛ ቴክሳስም ግዛት ነው፣ ጉዋምም ግዛት ነው። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። አንዱ በሴኔት፣ በላይኛው ምክር ቤት ማለት ነው፣ ሁለት ሴናተር አለው፤ ፕሬዚዳንት ይመርጣል። ሌላው ድምፅ የሌለው አንድ ተወካይ ይልክና ቁጭ ብሎ ያያል። ስለዚህ ሙሉ መብት ያለውን ስቴት፣ የሌለውን ይዞታ እላለሁ። ለአሜሪካ ነገር ቀኖቹም ዓመቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቋንቋው ልጀምር። ይህን ጎጃም መሬት ላይ ቆሞ መናገር እንዴት ይቻላል? ተናጋሪው ከመናኸሪያ መኪና ይሳፈሩና በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ አድርገው እንጅባራ ይግቡ። ልጆች በአውንጊ ሲማሩ ያገኛሉ። አዊ በራሱ ቋንቋ ያስተምራል፤ የአማራ ክልልም አካል ነው። በዚህ የተነሳ የፈረሰ ነገር አለ? አሜሪካም ውስጥ ቢሆን ሐዋይ ከ1978 ጀምሮ ሁለት የሥራ ቋንቋ አላት፤ እንግሊዝኛና የሐዋይ ቋንቋ። ማንም ከስቴትነት አላወረዳትም። ፖርቶ ሪኮም ስፓኒሽና እንግሊዝኛ ሁለቱንም በሕግ የሥራ ቋንቋ አድርጋለች። እንግዲህ ቋንቋ የሚሉት ምኑ ነው?

ይህ ሰበብ አዲስ አይደለም። ኒው ሜክሲኮ ላይ ሠርተውበታል። ኒው ሜክሲኮ በ1850 ይዞታ ሆነች። ስቴት የሆነችው በ1912 ነው። 62 ዓመት! ለምን ሲባል፣ ሕዝቡ ስፓኒሽ ይናገራል፣ ካቶሊክ ነው፣ ገና አልሠለጠነም ይባል ነበር። ይህን ሲሰሙ ተወልደው ይህንኑ ሲሰሙ የሞቱ ሰዎች አሉ። በመጨረሻ ስትገባ ስፓኒሹ የት ሄደ? የትም። የስቴቱ ሕገ መንግሥት ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች ጥበቃ አድርጎ ነው የጸደቀው። 62 ዓመት ያስጠበቀው ምክንያት በሩ በተከፈተ ቀን ተረሳ።

የኛ ሰው ለዚህ ዓይነቱ ነገር የቆየ አነጋገር አለው፤ አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ። «ብቁ አይደሉም» የምትለው ቃል የጅቡ ማመካኛ ናት። እስቲ እነማን ብቁ ተብለው እንደገቡ እንይ።

ኔቫዳ በ1864 ገባች። በ1860ው ቆጠራ ነዋሪዎቿ 7 ሺህ አይሞሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በማዕድኑ ምክንያት ሰው ጎርፎባታል፤ ቢሆንም ያኔ ለስቴትነት ይጠበቅ ከነበረው የሕዝብ ብዛት በታች ነበረች። ታዲያ ምን አስቸኮላቸው? የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበሩ፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን ደግሞ ምርጫ ደርሶበታል። ጥቅምት 31 ስቴት ሆነች፤ ኅዳር 8 ምርጫው ተካሄደ። ሕገ መንግሥቷን በፖስታ ለመላክ እንኳ ጊዜ አልነበረም። ሙሉውን በቴሌግራም አስተላለፉት። ሰው ሲፈለግ እንዲህ ይሮጥለታል። ሳይፈለግ ደግሞ ስለ ብቃት ይሰበክለታል።

ዳኮታን እንውሰድ። አንድ ይዞታ ነበረች። በ1889 ለሁለት ከፈሏት፤ ሰሜንና ደቡብ ብለው ሁለቱንም በአንድ ቀን አስገቡ። ለሪፐብሊካኑ ፓርቲ ሁለት ሴናተር ሳይሆን አራት ሴናተር ተገኘለት። በ1890 ቆጠራ የሰሜን ዳኮታ ሕዝብ 190,983 ነበር። የዛሬዋ ፖርቶ ሪኮ በ2020 ቆጠራ 3,285,874 ሕዝብ አላት። ምሥራቅ ጎጃም ብቻውን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። ስለ ትንሽነት ሊነግሩን የሚሹ ሰዎች እነዚህን ቁጥሮች ይዘው ይምጡ።

አላስካና ሐዋይ ሁለቱም በ1959 ገቡ። ያኔ ሁሉም ሰው አላስካ የዴሞክራቶች፣ ሐዋይ የሪፐብሊካኖች ትሆናለች ብሎ ያስብ ነበር። ሚዛን ይጠበቃል ተብሎ ተጣምረው ገቡ። ከዚያ ምን ሆነ? ነገሩ ተገለባበጠ። ዛሬ አላስካ የሪፐብሊካን፣ ሐዋይ የዴሞክራት ናት። ዛሬ ደግሞ ፖርቶ ሪኮና ዲሲ የሚከለከሉት ሴናተሮቻቸው ለማን እንደሚሆኑ አስቀድሞ ታውቋል ተብሎ ነው። ከ65 ዓመት በፊት ያላወቁትን አሁን በምን ዐወቁት?

ሐዋይን የያዟት በ1898 ነው። ፖርቶ ሪኮንም በዚያው በ1898 ነው። ሁለቱም ደሴት ናቸው። ሁለቱም የሸንኮራ አገዳ አገር ነበሩ። ሐዋይ በ61 ዓመቷ ገባች። ፖርቶ ሪኮ ከ125 ዓመት በላይ ሆኗት በር ላይ ቆማለች። ሰዎቿ ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ዜግነት አለ፤ ፕሬዚዳንት መምረጥ የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

አብዛኞቹ የፌዴራል የገቢ ግብር አይከፍሉም ይባላል። እውነት ነው። ደሙስ? አባቶቻችን በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘምቱ የፖርቶ ሪኮ ልጆችም በ65ኛው እግረኛ ሬጅመንት እዚያው ነበሩ። የኢትዮጵያ ወታደር ሲመለስ አገሩ ገባ። የፖርቶ ሪኮው ሲመለስ የላከውን መንግሥት መሪ መምረጥ የማይችልበት ቤት ገባ።

ዕዳውን በተመለከተ፣ አዎ፣ ከ70 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። የደሴቲቱ ፖለቲከኞችም እጃቸው ንጹሕ አይደለም። ግን ፋብሪካዎቹን ወደ ደሴቲቱ የሳበውን የግብር ማበረታቻ ያነሳው ማን ነው? ኮንግረስ፣ የአሜሪካ ፓርላማ። በ2006 ሙሉ በሙሉ ሲቀር ኢኮኖሚው ተንኮታኮተ። ከአሜሪካ ወደብ ወደ ደሴቲቱ የሚጫን ዕቃ አሜሪካ በተሠራ መርከብ ብቻ ይሂድ ያለው ማን ነው? አሁንም ኮንግረስ፤ በ1920። በ2016 ደግሞ በጀታቸውን የሚቆጣጠር፣ ሰባት አባላቱን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚሾመው ቦርድ አስቀመጠባቸው። በእነዚህ ሕጎች ላይ አንድም ፖርቶ ሪካዊ ከደሴቲቱ ተመርጦ ድምፅ አልሰጠም። ሰውን አስረህ፣ ቁልፉን ይዘህ፣ ለምን አልሠራህም ብለህ ትከሰዋለህ?

ደግሞስ አልተጠየቁም እንዳይባል ተጠይቀዋል። በ1967፣ በ1993፣ በ1998፣ በ2012፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2024። ሰባት ጊዜ! የ2017ቱ ላይ ተቃዋሚዎች ስላደሙ ከአራት መራጭ አንዱ እንኳ አልወጣም። እሱን እተዋለሁ፤ አልከራከርበትም። በ2020 ግን 52.5 በመቶው ስቴት እንሁን አለ። በ2024 ደግሞ ከሦስት ምርጫ ውስጥ ስቴትነት 58 በመቶ አለፈ። ዋሽንግተን ምን መለሰች? ዝም። ሰውን ሳይጠይቁ መግዛት አንድ በደል ነው። ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ ዝም ማለት ግን ከዚያ የባሰ ንቀት ነው። ለእኔ ከዚህ የከፋ የለም።

ወደ ዲሲ እንምጣ። «ከተማ ናት» አሉ። እና ከተማ ውስጥ የሚኖረው ሰው አይደለም? በ2020 ቆጠራ 689,545 ነዋሪ ነበራት። ዋዮሚንግ 576,851፣ ቨርሞንት 643,077 ነበራቸው። እነሱ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሴናተር አላቸው፤ ዲሲ ምንም። የዲሲ ነዋሪ የፌዴራል ግብሩን ሳይጎድል ይከፍላል። በመኪናቸው ታርጋ ላይ ያለ ውክልና ግብር እንከፍላለን የሚል ጽሑፍ ለጥፈው የሚነዱት ለዚህ ነው። በ2016 ተጠይቀው 86 በመቶ የሚጠጋው ስቴት እንሁን አለ። የተወካዮች ምክር ቤት በ2020ም በ2021ም አሳለፈው፤ ሴኔት ሲደርስ ሞተ።

ይህ ደግሞ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጎጃም ውስጥ ዲሲ ዘመድ የሌለው ስንቱ ነው? የአክስቴ ልጅ እዚያ ታክሲ ይነዳል፤ ዜግነት ካገኘ ቆይቷል። ዲሲ በኖረበት ጊዜ ሁሉ አንድም ሴናተር መርጦ አያውቅም። የቤት ኪራይ ሲወደድበት ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ፤ ሜሪላንድ ማለት ነው። በዚያው ምርጫ ሴናተር መረጠ። ሰውየው ያው ነው፣ ሥራው ያው ነው፣ ግብሩ ያው ነው። በመንገዱ ዳር ያለች የወሰን ምልክት ናት ሙሉ ሰው ያደረገችው።

ዋና ከተማ ነው፣ ሌላም አገር እንዲህ ነው የሚል ካለ ደግሞ የራሳችንን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ያንብብ። የአዲስ አበባ ነዋሪ በተወካዮች ምክር ቤት ይወከላል ይላል። ሙሉ ድምፅ ያለው ወኪል ነው። ዴሞክራሲ ያስተምሩናል የምንላቸው ሰዎች ለዋና ከተማቸው ይህን እንኳ አላደረጉም።

ግብርና ውክልና ሲነሳ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አያቴ የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አመፅን በጉልምስናው አይቷል። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጣ፤ መሬት እንገምታለን ብሎ ሰው ላከ። ገበሬው እምቢ አለ። ጦር መጣ፤ አውሮፕላን መጣ። በመጨረሻ ጃንሆይ አገረ ገዢውን አነሡ፤ ውዝፉንም ማሩ። አያቴ ይህን ሲያወራ የግብሩን መጠን አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። «ማን ጠየቀን?» ነበር የሚለው። የዲሲዎቹ ታርጋ ከዚህ የተለየ ነገር አይልም። ያ ተናጋሪ ይህን ለጎጃም ሰው በጎጃም አዳራሽ አቃለው ሲያወሩ ያናደደኝ ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ «ሁሉም እንሁን ይላሉ» ያሉት። ይህ ስህተት ነው። የአሜሪካ ሳሞዋን ከፖርቶ ሪኮ ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ መክተት አይቻልም። ሳሞዋዎች እዚያው ሲወለዱ ዜጋ እንኳ አይባሉም፤ የአሜሪካ ተገዢ ነው የሚባሉት። ያም ሆኖ ብዙዎቹ፣ መሪዎቻቸው ጭምር፣ ዜግነቱ በግድ ይጫንብን አይሉም። ምክንያቱ መሬት ነው። አብዛኛው መሬታቸው የዘመድ የጋራ መሬት ነው፤ የቤተሰቡ አለቃ ይጠብቀዋል፤ ለባዳ አይሸጥም። የአሜሪካ ሕግ ሙሉ በሙሉ ከገባ ይህ ይፈርሳል ብለው ይሰጋሉ። ይህን ለአንድ ኒውዮርካዊ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለጎጃም ሰው አንድ ቃል ይበቃል፤ ርስት። በ1960 አያቶቻችንን መሣሪያ ያስነሣው ያው ርስት ይነካል የሚል ስጋት ነው። እንግዲህ ሳሞዋ አልፈልግም ካለች አትፈልግም። ፖርቶ ሪኮ እፈልጋለሁ ካለች ትፈልጋለች። ጉዋምም 153 ሺህ ሰው ይዛ የራሷን ትበል። ማወዳደር ከተፈለገ በዚህ ይወዳደሩ።

ተናጋሪው ይህን መለኪያ ወደኛ ሊያመጡት ነው የፈለጉት። ለዚህ ነው ዝም ያላልኩት። ክልል ስለ መሆን የሚናገረው የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 47 ላይ ዕዳ የሚል የለም። ስንት ሕዝብ አለህ የሚል የለም። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ድምፅ ይሰጣል፤ ካለፈ ሥልጣኑን ይረከባል። ሲዳማ ዓመቱ ሲያልፍበት የሰው ሕይወት ጠፋ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጥ ግን 98.5 በመቶው ተናገረ፤ ሰኔ 11 ቀን ተረከበ። ሰባት ወር ብቻ ነው የፈጀው። በሳቸው መለኪያ ቢሆን ሲዳማ እስከ ዛሬ ፈተና ላይ ነበር።

ጎጃም ራሱ ንጉሥ ነበረው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫቸው እዚሁ ከተማ ነበር። ከዚያ ጠቅላይ ግዛት ተባልን። ክፍለ ሀገር ተባልን። ደርግ ሊወድቅ ሲል ከፋፈለን። ዛሬ ዞን ነን። በዚህ ሁሉ መሐል አንድም ቀን አንድም ጎጃሜ በድምፅ አልተጠየቀም። እንዲህ ያለ ሕዝብ ፊት ቆሞ የተጠየቁትንና የመለሱትን ሰዎች ብቁ አይደላችሁም ማለት ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ቅዳሜ ዕለት እጄን ያወጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር። ሐዋይና ፖርቶ ሪኮ በአንድ ዓመት ተይዘው አንዷ ስትገባ ሌላዋ የቀረችበት የብቃት ልዩነት ምንድን ነው? የሚቀጥለው መድረክ ላይ እገኛለሁ። ከፊተኛው ወንበር እቀመጣለሁ።