ባለ ዘንቢሎቹን ሳላመሰግን አላድርም

ምስጋና በቁም ሲሆን ነው የሚያምረው፣ ስለዚህ ዛሬ ማንንም ልወቅስ አልመጣሁም። የማመሰግናቸው በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ቅዳሜን ጠብቀው «ዛሬ ሞል የለም፣ ሱፐርማርኬት የለም፣ ቀኑን ሙሉ የአካባቢውን ምግብና የእጅ ሥራ ነው የምንገዛው» ብለው የጨርቅ ዘንቢላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከተማ የሚወጡ ወገኖቻችንን ነው። ኧረ ይገባቸዋል! እነሱ ባይኖሩ ሸክላ ሠሪው የሚሸጠው ጭቃ መሆኑን ማን ይነግረው ነበር? ማር ሻጯስ ማሯ ማር እንዳልሆነ ከማን ትሰማ ነበር?

ዝግጅታቸው ራሱ ደስ ይላል። ዘንቢሉ ላይ ስለ ተፈጥሮ የሚያወራ ጽሑፍ አለ፣ ልብሱ ሰፋ ያለ ነው፣ ስልኩ ቻርጁ ሞልቷል። ምግብ ከሩቅ ሀገር ተጭኖ ሲመጣ የሚወጣው ጭስ በጣም ያሳዝናቸዋል፣ ለዚህ ሲሉ አንድ ኪሎ ቲማቲም ከገበሬው እጅ ለመግዛት መኪና አስነስተው ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣሉ፣ ፓርኪንግ ሲፈልጉ ደሞ ያንኑ መንገድ ደጋግመው ይዞሩታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዌበርና ማቲውስ የሚባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካን ቤተሰብ ምግብ አስልተው፣ ከአምራች እስከ ሱቅ ያለው ጉዞ ከጠቅላላው በካይ ጋዝ ድርሻው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ትልቁ የሚወጣው ምግቡ ሲመረት ነው ብለው ነበር። ያ ስሌት ሱቁ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የጎደለውን ጭስ የኛዎቹ በራሳቸው ነዳጅ ሞልተውታል፣ እናመሰግናለን።

ከዛ ማሩ ጋር ይደርሳሉ። እዚህ ጋር ትንሽ መቆም አለብን። ሴትየዋ ብልቃጡን ታቀርባለች፣ ማሩ ረግቷል፣ ስሩ ላይ ነጣ ነጣ ብሎ ጠጥሯል። ጀግናችን ብልቃጡን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ እንደ ራጅ ፊልም ያገላብጠዋል።

«እማማ፣ ይሄ ስኳር ገብቶበታል።»

«አይ ልጄ፣ ማር ብርድ ሲነካው ይረጋል እኮ።»

«ተይ እንጂ እማማ፣ ማር እናውቃለን!»

ያውቃል በእውነት። እሱ የሚያውቀው ማር በጋ ከክረምት ፈሳሽ ነው፣ ወርቅማ ነው፣ ላስቲኩን ጨመቅ ሲያረጉት ሳይንጠባጠብ ይወርዳል። ማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ በራሱ ጊዜ ተለይቶ እንደሚጠጥር፣ 14 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ደሞ እንደሚፈጥን፣ ፋብሪካዎቹ ቶሎ እንዳይረጋባቸው ብለው እንደሚያሞቁትና እንደሚያጣሩት እማማ ቢነግሩት እንኳን አይሰማም፣ ምክንያቱም እማማ ሌብል የላቸውም። በነገራችን ላይ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከውጭ ከገባ ማር ከተወሰዱ 320 ናሙናዎች 147ቱ ማለትም 46 በመቶው ሽሮፕ ምናምን ሳይቀላቀልባቸው አልቀረም ተብለው ተጠርጥረዋል። እነዚያ በመርከብ ነው የመጡት፣ ሰነድና ማህተም አላቸው፣ ወደ ፀሐይ ያነሳቸው ሰው ግን የለም። ፀሐይ የተፈጠረችው ለእማማ ብልቃጥ ነው።

አትክልቱ ጋር ብዙ አንቆይም፣ ኬሚካል ያልነካው ግን ትልም ያልነካው፣ ከማሳ በቀጥታ የመጣ ግን አፈር የሌለበት፣ በተፈጥሮ የበቀለ ግን ቀጥ ያለ ካሮት ፈልገው ነው የመጡት። የአውሮፓ ኅብረት እንኳን እ.ኤ.አ. በ1988 የአንደኛ ደረጃ ኪያር በየ10 ሴንቲሜትሩ ከ10 ሚሊሜትር በላይ መጉበጥ የለበትም የሚል ደንብ አውጥቶ ሃያ ዓመት ከተሳቀበት በኋላ በ2009 ትቶታል፣ የኛዎቹ ግን ደንቡን በልባቸው ይዘው ነው የሚዞሩት፣ ያውም ያለ ማስመሪያ በዓይናቸው ነው የሚለኩት። ቅምሻውን ደሞ አትርሱ። አይቡ ትንሽ፣ ዳቦው ትንሽ፣ ፍሬው ትንሽ፣ «ሚስቴን ይዤ እመለሳለሁ» ይባላል፣ ቀጣዩ ጠረጴዛ ላይ ሚስትየው «ባሌን ይዤ እመለሳለሁ» እያለች ትቀምሳለች፣ ምሳ እንደዚህ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ፣ ወደ ክርክሩ።

ሸክላ ሠሪው መሬት ላይ ነው መደቡን የዘረጋው። ጀግናችን ጎንበስ ብሎ አንዷን ማሰሮ በጣቱ ቋ ቋ ያደርጋታል (ምን እንደሚያዳምጥ እስካሁን ገብቶኝ አያውቅም)፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይነገረዋል፣ ከዚያ ያቺ ዝነኛ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፦ «እንዴ ጋሼ! ጭቃ እኮ ነው!»

ጭቃ ነው፣ ማን ካደ። ጭቃው ተቆፍሮ፣ ጠጠሩ ተለቅሞ፣ ተቦክቶ፣ ቅርጽ ወጥቶለት፣ እንዳይሰነጠቅ ጥላ ስር ቀስ እያለ ለቀናት ደርቆ ነው እሳት የሚገባው፣ እሳቱ ደሞ 600 ዲግሪ አካባቢ ካላለፈ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ያው ጭቃ ነው። ውስጡ እርጥበት የቀረበት እሳት ውስጥ ይፈነዳል፣ ሲፈነዳም ብቻውን አይሄድም፣ አጠገቡ ያለውን ይዞ ነው። እኚህ ሰውዬ ዋጋ ሲጠሩ የፈነዱትንም አብረው ቆጥረው ነው። ጀግናችን ግን የፈነዳ ሸክላ አላዘዘም፣ ስለዚህ የሚከራከረው እጁ ላይ ስላለችው ብቻ ነው፣ እና ግማሽ ዋጋ ሲጠራ ሰምታችሁት ከሆነ እሱ የግማሹን ግማሽ ነበር ያሰበው።

ከዚያ መራመድ አለ። ይሄ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ሁሉም ሰው አይችለውም። ማሰሮዋን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል፣ «እንግዲህ ይቅር» ይላል፣ ዞሮ አራት አምስት እርምጃ ይሄዳል፣ እግሩ ወደፊት ነው፣ ጆሮው ግን ማሰሮዋ ጋር ቀርቷል። ጥሪው ከዘገየ አጠገቡ ያለውን ቅርጫት እንደሚያይ ሆኖ ይቆማል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ አልሸጡም፣ ወደ ማታ ነው፣ ያልተሸጠውን ተሸክመው ነው የሚመለሱት፣ ስለዚህ «ና በቃ፣ ውሰዳት» ይላሉ። ድል! ይቺን ድል ቤቱ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ይተርካታል፣ ማሰሮዋን ሳይሆን ያወረደበትን ነው የሚያሳየው።

ልጨምር፣ መከራከር በራሱ ነውር አይደለም፣ ሻጩም ክርክር እንደሚመጣ እያወቀ ጨምሮ ነው የሚጠራው፣ ጨዋታም ሳቅም አለው። እኔን የሚያስደንቀኝ ጀግንነቱ ቦታ መምረጡ ነው። ያው ሰው ድሉን ሊያከብር ፊት ለፊት ያለው ካፌ ይገባል፣ ከነሰርቪስ ቻርጁ ከነታክሱ የመጣለትን ቢል ሳያነብ ይከፍላል፣ ቲፕ ጣል ያደርጋል፣ አስተናጋጇን «ቡና እኮ ነው፣ ውሃና ዱቄት!» አይላትም። ዋጋ ተጽፎ ሲያይ ምላሱ ይታሰራል። ለዚህ ማመስገን ያለብን ብዙ ሰው አለ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ኩዌከሮች የሚባሉት አማኞች ጨምሮ ጠርቶ መቀነስ ውሸት ነው ብለው አንድ ዋጋ ብቻ ይጠሩ ነበር፣ ከ1852 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደሞ ፓሪስ ውስጥ አሪስቲድ ቡሲኮ የሚባል ነጋዴ ቦን ማርሼ የሚባለውን መደብር ዕቃው ላይ ዋጋ እየለጠፈ አሳደገው፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1974 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ትሮይ በምትባል ከተማ አንድ እሽግ ማስቲካ በባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ስካነሩን «መጨረሻውን ንገረኝ» ያለው ሰው አልተሰማም፣ ማሽኑ ጢጥ ይላል፣ ጀግናችን ካርዱን ያወጣል።

ሸማኔዋ ጋር የሚሆነው ደሞ ሌላ ነው፣ እዚያ ክርክር እንኳን የለም፣ አድናቆት ነው። «ፎቶ ላንሳሽ?» ይላታል፣ እጇን ብቻ፣ ፊቷ ፍሬሙን ያበላሻል። «እንደሱ አይደለም፣ ትንሽ ቀስ እያልሽ» ይላል፣ ቪዲዮ ነው። ክሩ ይፈታል፣ እሱ ማዕዘን ይቀይራል፣ ብርሃን ይጠብቃል። «ይሄ ስንት ቀን ይፈጃል?» ሲላት «ሳምንት» ትለዋለች፣ «ዋውውው!» ይላል። ዋው በነፃ ነው፣ በዚህ በኩል ለጋስ ነው። ምርጥ የሚባለውን የፓናማ ባርኔጣ (ሀገሩ ኢኳዶር ነው፣ አሸማመኑም እ.ኤ.አ. በ2012 ዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል) ሸምኖ ለመጨረስ እስከ ስምንት ወር ይፈጃል ሲባል ደሞ ዋው ብቻ አይበቃውም፣ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ዲዛይኑን በቅርብ አንስቶ «ኦንላይን ይኖራል አይደል?» ብሎ ጓደኛውን በሹክሹክታ ይጠይቃል። ሹክሹክታው ይሰማል እኮ ወንድሜ።

ዘንቢሉ ግን ባዶ አይመለስም፣ ባዶ ተመለሰ ማለት ሐሜት ይሆንብኛል። መውጫው ላይ አየር ማቀዝቀዣ ያለው፣ ሽታው የሚያውድ፣ ሙዚቃ የተከፈተበት የስጦታ ሱቅ አለ፣ ዋጋው ተለጥፏል፣ ክርክር የለም፣ እዚያ ነው የሚሞላው። መደርደሪያው ላይ በእጅ የተሠራ የሚል ስቲከር ያላቸው ኩባያዎች ተደርድረዋል። አንዱን አንስታችሁ እጀታው ስር ያለችውን ትንሽ ጭረት እዩዋት፣ ደስ የምትል፣ የሠሪው ጣት ሳት ያለበት የምትመስል። ቀጥሎ ያለውን አንሱ፣ ያቺው ጭረት እዚያው ቦታ ናት። ሦስተኛውም ላይ፣ ኋላ ያሉትም ላይ። አሜሪካኖች ይሄ ነገር ሲያንገበግባቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ሕግ አውጥተው፣ የነባር ሕዝቦች የእጅ ሥራ ያልሆነን ነገር ነው ብሎ የሸጠ ግለሰብ ለመጀመሪያ ጥፋቱ እስከ 250,000 ዶላርና እስከ አምስት ዓመት እስር ይጠብቀዋል አሉ። የኛዎቹ ሕግ አያስፈልጋቸውም፣ ስቲከር ይበቃቸዋል። ምዕራብ አፍሪካ ሄደው ደማቅ የዋክስ ጨርቅ ሲገዙም እንዲሁ ናቸው፣ የኢንዶኔዥያን ባቲክ (በሰም እየተሸፈነ የሚቀለም ጨርቅ ነው) እያስመሰለ ያንን ጨርቅ ሲሸጥ የኖረው ስመ ጥሩ ፋብሪካ ቭሊስኮ ከ1846 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆላንድ፣ ሄልሞንድ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ የዚያ ሀገር ሰዎች የራሳቸው አርገው ስም አውጥተው ለብሰውታል፣ ያምርባቸዋል፣ ቱሪስታችን ግን «ይሄ እዚሁ በእጅ የተሠራ ነው አይደል?» ብሎ ጠይቆ «አዎ» ሲባል ነው የሚረካው። አዎ ማለት ምን ይከብዳል።

ማታ ፖስቱ ይወጣል። የሸማኔዋ እጅ፣ የእማማ ማር (ያልተገዛው)፣ የጎበጠው ካሮት (ፎቶ ላይ ያምራል)፣ ከስሩ «የሀገራችንን ምርት እንደግፍ» የሚል ጽሑፍና ልብ። ላይኩ ይጎርፋል፣ ኮሜንቱ ላይ «ስንት ገዛሃት?» ለሚሉት የማሰሮዋ ገድል ይተረካል፣ «አቦ አንተ እኮ አትቻልም» ይባልለታል፣ እኔም ላይክ ካደረጉት ውስጥ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ ግን ጀግኖቻችን ሌላ ቅዳሜ ዘንቢል ይዘው ሲመጡ የሸክላው መደብ ባዶ ሆኖ ያገኙትና በጣም ያዝናሉ። እውነተኛ ሐዘን ነው፣ አልቀልድም። «ባህላችን እየጠፋ ነው» ብለው ይጽፋሉ፣ መንግሥት የት ነው ይላሉ፣ ትውልዱ ለምን የአባቱን ሙያ አይወርስም ብለው ረጅም ነገር ይጽፋሉ፣ በመሃል የስልካቸው ከቨር መሰንጠቁን አይተው ቦታው ላይ ወደተከፈተችው ኪዮስክ ጠጋ ይላሉ። ውስጥ የተቀመጠው የሸክላ ሠሪው ልጅ ነው፣ ከቨር ይሸጣል፣ ዋጋው መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ የተጻፈውን ከፍለውት «አመሰግናለሁ ወንድሜ» ብለው ይሄዳሉ።